መቶ ሰዓት ባለበት ቤት

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ? አክስቴስ እንዴት ናት? የስፌት መኪናዋ አሁንም ክር እየበላ ያስለቅሳታል? እኔ በጣም ደህና ነኝ። አልጋዬ መስኮት ሥር ነው፣ የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ምግብም ይበላል። ክፍል የምጋራትን ልጅ ሁላችንም «ዝምታ» ነው የምንላት፤ ተኝታም ታወራለችና።

ማስታወሻህን የአውቶቡሱ ረዳት ሰኞ ዕለት ሰጠኝ። በአንዲት የጥገና ካርድ ጀርባ ላይ ሰባት ጥያቄ እንዴት እንዳጨቅክ ሰዓት ሠሪ ብቻ ነው የሚያውቀው። ደግሞ «ጠያቂው እኔ ሳልሆን ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ነው» ትላለህ። ሰውዬው ከመቼ ወዲህ ነው ኮምፒውተሬ ጋ የሚቀመጠው? ለማንኛውም ለፀጉር አስተካካዩ እንዲህ በልልኝ፦

ማውሱ የጠረጴዛው ጫፍ ከደረሰ አንስቶ ወደ መሃል መመለስ ይቻላል፤ ሌላ ጠረጴዛ መቀጠል አያስፈልግም። አቧራውን አንተ ሰዓት በምትጠርግበት ደረቅ ብሩሽ ይጥረገው፤ እፍ አይበልበት። ማሽኑ ሲበራ ስክሪኑ ጥቁር ሰሌዳ መስሎ ሁለት መስመር ጽፎ ቆሞ የሚጠብቀው ነገር አያስደንግጠው። ኤፍ አንድ የምትባለውን ቁልፍ ይጫን፣ ይቀጥላል። አንድ ዓመት ተኩል እንዲህ ሲያደርግ ኖሯል፤ እኔም እየተጫንኩ አልፌዋለሁ እንጂ ምክንያቱን ፈልጌ አላውቅም።

ጨርሶ እምቢ ሲል ግን ጩኸቱ ይቆጠር። አንዴ ጢጥ ካለ ጤና ነው። ሦስቴ ካለ ውስጡ ያለችው ቀጭን የማስታወሻ ካርድ፣ ሜሞሪ የሚሏት፣ ላልታለች ማለት ነው። ስንት ጊዜ ጮኸ? ይህን ሳትነግረኝ ልረዳህ አልችልም።

የመጨረሻዋ ጥያቄህ አሳቀችኝ። ፀጉር አስተካካይ «ሰሚ»ን ምን ሊያደርገው ነው? ያ ፕሮግራም ሰዓት ከመስማት ሌላ ምንም አያውቅም። ከተጣለ ስልክ ያወጣኋት ማይክሮፎን ላይ ሰዓቱ ይቀመጣል፣ ኮምፒውተሩ ትክትኩን ይቆጥራል፣ መስመር ይሥላል። መስመሩ ከተኛ ሰዓቱ ልክ ነው፤ ወደ ላይ ከወጣ ይፈጥናል፣ ወደ ታች ከወረደ ይዘገያል። «ጆሮ ላለው ሰው ምን ያደርግለታል?» ብለህ ጨርቅ ያለበስከው አንተ ነህ፤ እኔ አልረሳሁም።

ለምን ስልክ አትደውልም? በአምስት ደቂቃ የሚያልቀውን ወሬ በአውቶቡስ እናጓጉዘዋለን።

ልጅህ

*

ዓርብ፣ ጥቅምት 17፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ

ለልጄ ለደቂቃ፣

ሰላምታሽ ከነደብዳቤሽ ደርሶኛል። ወገቤ ደህና ነው። የአክስትሽም ወገብ ደህና ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከሁላችን ጤነኛ ነው። ግን «ረቡዕ» ብለሽ ትጀምሪና ሰዓት አትጽፊም። ረቡዕ እኮ ሃያ አራት ሰዓት አለው። የሰዓት ሠሪ ልጅ መሆንሽን እዚያ ያሉት ሰዎች በምን ይወቁ?

ፀጉር አስተካካዩ ስለ መልሱ አመስግኗል። ብሩሹም ማውሱም ተሳክቷል። ስለ ጩኸቱ ግን እንዳንሳሳት ብዬ አክስትሽን አጠገቡ አቁሜ አስቆጠርኳት። ሦስት ነው አለች። በድጋሚ አበራሁት፤ አሁንም ሦስት አለች። ካርዷን በምን እንደምናጠብቃት ጻፊልን።

ስልክ ትያለሽ። በስልክ የተነገረ ነገር አየር ላይ ይቀራል፤ ደብዳቤ ግን መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ የሚቀመጥ ነገር ነው የምወደው። ደግሞም በሥራ ሰዓት ስልክ ይዞ የሚቆም ሰዓት ሠሪ አምኜ ሰዓቴን አልሰጠውም።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ያመጣሽውን የምስክር ወረቀት በመስታወት አስገብቼ ከግድግዳ ሰዓቶቹ መሃል ሰቀልኩት። ሰው ስንት ሰዓት ሆነ ብሎ ቀና ሲል መጀመሪያ አንቺን ያያል። «ልጅህ ናት?» ይሉኛል። «አዎ፣ ኮምፒውተር ነው የምትማረው» እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ቢዘገይም አይቆጡም።

የሥራ ጠረጴዛዬን አዙሬዋለሁ። አሁን ፊቴን ወደ መስታወቱ በር አድርጌ ነው የምቀመጠው። ለብርሃኑ ነው።

አባትሽ

*

ቅዳሜ፣ ኅዳር 2፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሠላሳ አራት (ይኸው፣ ጻፍኩ)

ውድ አባዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ፈተና ላይ ነበርኩ። ካርዷን ሁለቱን ጫፎቿን በአውራ ጣት ቀስ ብለህ ተጫን፤ ቀጭ ስትል ገብታለች። መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀል ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ከዚያ አንተ መሆንህ ትዝ አለኝ። ሱቅ ስትዘጋ የቤቱን ሶኬት ሁሉ የምትነቅል ሰው እኔን አትጠብቅም።

ጢጥታ ለመቁጠር አክስቴን የምትጠራው ጆሮህን ለማን አበድረህ ነው? የሰው ሰዓት ኪሱ ውስጥ እያለ «ይቺ ትዘገያለች» የምትል አንተ አልነበርክም? ጠረጴዛውንም ደግሞ ያዞርክበት ምክንያት አልገባኝም። ብርሃን በግራ ትከሻ በኩል ከኋላ ነው የሚመጣው ብለህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። እርጅና እንዳይሆን ብቻ።

አሁን ዋናውን ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እያንዳንዳችን ራሳችን የሠራነውን አንድ ሥራ እንድናቀርብ ተጠይቀን ነበር። ከአርባ ተማሪ አምስቱ ብቻ ናቸው ወደ ልዩ ክፍል የሚያልፉት። ያለፈ እዚያው ሦስት ዓመት ይቀጥላል፤ ያላለፈ በዓመቱ መጨረሻ ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሌሎቹ ጨዋታ፣ የሱቅ መዝገብ፣ የስልክ ማውጫ አመጡ። እኔ «ሰሚ»ን አቀረብኩ። ከቤት ስመጣ ሙሉውን ገልብጬ ይዤው ነበር፤ ፕሮግራሙንም፣ ለመሞከሪያ የቀዳሁትን የአርባ የተለያዩ ሰዓቶች ድምፅም።

የክፍሉ ኃላፊ፣ እምብዛም የማይስቀው ሰውዬ፣ የእጅ ሰዓቱን ፈቶ ማይክሮፎኗ ላይ አስቀመጠ። መስመሩ ወደ ታች ወረደ። «በቀን ሠላሳ ሰከንድ ይዘገያል» አልኩት። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ፣ «ለዚህ ነው ሁልጊዜ የማረፍደው» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጆቹ ሁሉ ሰዓት ይዘው አልጋዬ ድረስ ይመጣሉ፤ ባትሪ እቀይራለሁ፣ ማሰሪያ አሳጥራለሁ። ዝምታ ተራ አስከባሪ ሆናለች።

ስሜ ከአምስቱ አንዱ እንደሚሆን ሁሉም ይናገራል። እኔ አልናገርም፤ ዝም ብዬ ግን አስባለሁ።

ደቂቃህ

*

ሰኞ፣ ኅዳር 11፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከአምሳ ደቂቃ

ለልጄ ለደቂቃ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ አክስትሽ ቀማችኝና ለፀጉር አስተካካዩ፣ ለዳቦ ጋጋሪው፣ ስሙን ለማላውቀው ደንበኛም ሳይቀር አነበበችው። «ለዚህ ነው ሁልጊዜ የማረፍደው» የሚለው ላይ ስትደርስ እየቆመች ታስቃቸዋለች። ሰፈሩ በሙሉ አሁን ኃላፊሽን ያውቀዋል።

ኩራት ኃጢአት ነው ይላሉ። ይሁን፤ እኔ ዛሬ ኃጢአተኛ ነኝ።

ካርዷ ቀጭ ብላ ገብታለች፤ አክስትሽ አረጋግጣለች። እርጅና ብትዪውም ጠረጴዛዬ ባለበት ይቆያል። ጆሮዬን ላበድርም ብል የሚመጥነው አላገኘሁም።

ፀጉር አስተካካዩ አንድ ጥያቄ ጨምሯል። «ሰሚ»ን ከፍቶ ሰዓት ሲያስቀምጥ መስመሩ እየተበጣጠሰ ያስቸግረዋል። ማይክሮፎኗን በጨርቅ ይጠቅልላት ወይስ ራቁቷን ይተዋት?

የውጤቱን ቀን ጻፊልኝ። ሰዓቱንም ጭምር።

አባትሽ

*

እሑድ፣ ታኅሣሥ 1

አባዬ፣

ማይክሮፎኗ ሥር ስፖንጅ ይደረግ፣ ከላይ ጨርቅ አይደረግባት።

አንድ ነገር እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። ኮምፒውተሩን አብራና በቀኝ በኩል ታች ጥግ ላይ ያለውን ቀንና ሰዓት ገልብጠህ ጻፍልኝ። ከዚያ አጥፋው፣ ሶኬቱን ንቀል፣ መልሰህ ሰክተህ እንደገና እይ። ያየኸውን ብቻ ጻፍ፤ እንዳታስተካክለው።

ውጤቱ ትንሽ ዘግይቷል። ደህና ነኝ።

ልጅህ

*

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 6፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ

ለልጄ፣

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ከአንቺ ሲመጣልኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰዓትም የለውም። ደህና ነኝ ያልሽውን አላመንኩሽም፤ ቢሆንም መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ሦስት ጊዜ ነቀልኩት፣ ሦስት ጊዜ ሰካሁት። ሦስቱንም ጊዜ ያው አንድ ቀን ነው የሚጽፈው። አስልቼ ሳየው አንቺ ገና የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሕፃን የነበርሽበት ቀን ነው። ያኔ እንኳን ኮምፒውተር ማንኪያም አትይዢም ነበር።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ልነግርሽ የሚገባኝ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት ነበር። የሰፈራችን አዋላጅ የሕፃናት መመዘኛዋን ይዛ መጣች። ባትሪው አልቋል፤ የዚያ ዓይነት ክብ ባትሪ ሱቄ ውስጥም ገበያውም ውስጥ የለም። እናትየው በር ላይ ቆማለች፣ ሕፃኑ ክብደት አልጨመረም ተብሏል። ያንቺን ማሽን ከፍተሽው ስለነበር ውስጡ አንዲት እንደዚያ ያለች ባትሪ አየሁ። ይሄ ማሽን ግድግዳ ላይ ተሰክቶ እየሠራ ባትሪ ምን ያደርግለታል አልኩና አውጥቼ ሰጠኋት። ሕፃኑ ተመዘነ። እመልሰዋለሁ እያልኩ ቆየሁ፤ ማሽኑም ሲሠራ ሳየው ልክ ነበርኩ አልኩ። ለካ ሶኬቱ ሲነቀል ቀኑን የምትይዝለት ያቺ ባትሪ ነበረች፤ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ የሚጽፈው ነገር የኔ ሥራ እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው።

መቶ ሰዓት ባለበት ቤት ኮምፒውተር ላይ ሰዓት የሚያይ ማን አለ? አንቺም አላየሽም፣ እኔም አላየሁም።

አሁን የደበቅሽኝን ንገሪኝ።

አባትሽ

*

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 10፣ ከምሳ በኋላ፣ ሰባት ሰዓት ተኩል

ውድ አባዬ፣

ሰላምታዬን ስለነፈግኩህ ይቅር በለኝ። ሰላም ስላልነበረኝ ነው።

ሥራችንን ከሚመዝነው ኮሚቴ አንድ መምህር የፋይሎቼን ቀን አየ። ፕሮግራሙም፣ ድምፆቹም፣ ሁሉም አንድ ቀን የተጻፉ ይመስላሉ፤ እሱም እኔ ሕፃን የነበርኩበት ቀን ነው። «ይህን የሚያህል ሥራ በአንድ ቀን አይጻፍም፤ ከአሮጌ ዲስክ በአንድ ቀን የተገለበጠ ነው» አሉ። እያንዳንዱን መስመር አስረዳኋቸው። «አንብባ ተረድታው ይሆናል» አሉ። የቤታችን ኮምፒውተር ሰዓቱ ተሳስቶ ነው አልኳቸው። ያኔ አንደኛው ምን አለ መሰለህ? «በሰዓት ሠሪ ቤት ሰዓት ተሳሳተ?» አለና ሌሎቹ ሳቁ። በእኔ ቢስቁ ግድ አልነበረኝም።

የኃላፊው ፊት ክፉ አይደለም። የተጻፈውን ያነበበ ሰው ፊት ነው። የሌላ ሰው ሥራ አቅርባለች ከተባለ ግን ከአምስቱ መውጣት ብቻ አይደለም፤ በዚያው ሳምንት ሻንጣዬን ይዤ እወጣለሁ፣ ምክንያቱም በወረቀቴ ላይ ይጻፋል። አንተ ግድግዳ ላይ ከሰቀልከው ወረቀት ጎን የሚሰቀል አይደለም።

ስለ ባትሪው የጻፍክልኝን ለኃላፊው አነበብኩለት። አልተቆጣሁህም፤ ሕፃኑ መመዘን ነበረበት። ኃላፊው «አባትሽ ራሱ ይንገረኝ» አለ። ቅዳሜ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ሱቁ ድረስ ይደውልልሃል። የሚጠይቅህን መልስለት። የምለምንህ ይህን አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ሐሙስ ታኅሣሥ 19 ኮሚቴው ተቀምጦ ይወስናል።

ልጅህ

*

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 13፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት ደቂቃ

ለልጄ ለደቂቃ፣

በስልክ አላናግረውም። ለምን አትበይኝ።

በዚህ አውቶቡስ የጥገና መዝገቤን ልኬልሻለሁ፤ ዋናውን ነው፣ ግልባጩን አይደለም። ከሱቄ ወጥቶ አያውቅም። የማን ሰዓት መጣ፣ ሕመሙ ምንድነው፣ ምን ወጣለት፣ ምን ገባለት የሚለው ከነቀኑና ከነሰዓቱ ተጽፏል። ቀይ ክር ያደረግኩበትን ገጽ ግለጪ። «ከልጄ ኮምፒውተር አንድ ክብ ባትሪ ወጣ፤ ለአዋላጇ መመዘኛ ገባ» ይላል። ከላዩም ከታቹም የሌላ ሰው ሰዓት ስላለ በኋላ የተጨመረ አይደለም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

በሰዓት ሠሪ ቤት ሰዓት ተሳሳተ ያለውን ሰው ስሙን አልፈልግም። ልክ ነው። የተሳሳተውም በሰዓት ሠሪው እጅ ነው ብለሽ ንገሪው፤ አትፈሪ።

አባትሽ

*

እሑድ፣ ታኅሣሥ 15

አባዬ፣

መዝገብህ ደርሷል።

ኃላፊው ትናንት በአራት ሰዓት ደወለ፤ እኔ ፊቱ ቆሜ ነበር። አክስቴ አነሳችው። «ወንድሜ የለም፣ ወጥቷል» አለችው። ሰውዬው ስልኩን ሲዘጋ ቀስ ብሎ «ከኋላዋ ትንሽ መዶሻ ስታንኳኳ ይሰማል» አለኝ። ድምፁን ለሁለታችን ከፍቶት ስለነበር እኔም ሰምቻለሁ። ያንን መዶሻ ከሺህ መዶሻ እለየዋለሁ።

እዚያው ተቀምጠህ ነበር። ሁለት ሜትር እንኳ አይርቅም። አሁን ኃላፊው አባትየው ለመዋሸት አፍሮ ነው የሸሸው ብሎ ቢያስብ እፈርድበታለሁ? እኔ ለሰዎቹ አንገቴን ቀና አድርጌ የቆምኩት አንተን አይቼ ነው። የማንም ደንበኛ ሰዓት ከእኔ አምስት ደቂቃ ይበልጣል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መልስ አትጻፍልኝ፤ ከሐሙስ በፊት አይደርስም።

*

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 19፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሦስት ደቂቃ

ውድ አባዬ፣ የኔ አባት፣

ከሁሉ በፊት ያን የእሑዱን ደብዳቤ እሳት ውስጥ ጨምረው። መሳቢያህ ውስጥ እንዳታስቀምጠው። ለምን እንደሆነ እንደ አመጣጡ ልንገርህ።

ጠዋት በሦስት ሰዓት ገባን። ረጅም ጠረጴዛ፣ አራት መምህራን፣ አንድ ኮምፒውተር። መዝገብህን አቀረብኩ። እጅ ለእጅ ተቀባበሉት። ያ የቀለደው መምህር ገጾቹን እየገለጠ ቆየና «ይህ ሰውዬ ከእኛ የተሻለ መዝገብ ይይዛል» አለ፤ ጆሮዬ ሞቀ። ግን «የአባት እጅ ጽሑፍ ነው፤ ለልጁ የማይጽፍ አባት የለም» አሉ። ሊዘጉት ነበር።

ያኔ ኃላፊው «መሞከሪያ ድምፆቹን ማን ሰምቷቸዋል?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልሰማቸውም። እኔም ራሴ ሰምቻቸው አላውቅም አባዬ። እቀዳና ለ«ሰሚ» እሰጠዋለሁ፣ መስመሩን አያለሁ፣ አለቀ። አርባውንም የሰማው ማሽኑ ብቻ ነው። ኃላፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ በአንድ ማጫወት ጀመረ። ትክ ትክ ትክ። የአሥራ ስድስት ሰዓቶችን ትክትክ ሰማን። አንደኛው መምህር ማዛጋት ጀምሮ ነበር።

አሥራ ሰባተኛው የአክስቴ የጠረጴዛ ሰዓት ነው። ትንሽ ከመታ በኋላ ያንተ ድምፅ መጣ።

«ደቂቃ፣ ምሳ ቀረበ።»

ከዚያ የእኔ ድምፅ፦ «መጣሁ አባዬ።»

«ደቂቃ።»

«መጣሁ አልኩህኮ።»

«ደቂቃ፤ የት ገባች ይቺ ልጅ?»

«አባዬ፣ ይኸው አጠገብህ ነኝ እኮ።»

ከዚያ ወንበርህ ሲንቋቋ፣ ዞር ስትል፣ «ውይ፣ እዚህ ነሽ እንዴ?» ስትለኝ፣ እኔም ስስቅ ይሰማል። ሰዓቱ በመሃሉ መምታቱን አላቆመም።

ኃላፊው የፋይሉን ቀን በጣቱ አሳያቸውና «በዚህ ቀን ይህች ልጅ የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ሕፃን ነበረች። ሕፃን 'መጣሁ አልኩህኮ' አይልም» አለ። ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ ግን እኔንም አንተንም አቅፈው ነው የሳቁት። ያ መምህር ተነሥቶ እጄን ጨበጠኝ። «የአባትሽን ቤት ሰዓት ይቅርታ ጠይቂልኝ» አለ። ከሰዓት በኋላ ዝርዝሩ ተለጠፈ። ስሜ ከአምስቱ የመጀመሪያው ነው አባዬ። የመጀመሪያው።

ሁሉም በደስታ ነው ያለቀሰችው አሉ። ያለቀስኩበትን ምክንያት አልነገርኳቸውም።

ያን ቀን ከጠረጴዛህ ሦስት እርምጃ ነበር የራቅኩት። በግልጽ ነው የመለስኩልህ፤ እዚያ ያሉ አራት እንግዶች እንኳ ሰምተውታል። ሦስቴ መለስኩልህ፣ ሦስቱንም አልሰማኸኝም። ያኔ ልታሾፍብኝ መስሎኝ ነበር የሳቅኩት። አሁን ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣልኝ። አክስቴ ለምን ጢጥታውን እንደቆጠረች። ጠረጴዛው ለምን ወደ በሩ እንደዞረ። የእጅ ሰዓት ለምን በጥርስህ ነክሰህ እንደምትይዝ። ስልኩን ለምን እንዳላነሳህ። ደግሞ ፀጉር አስተካካዩ «ሰሚ»ን ለምን እንደፈለገው።

«ሰሚ»ን ለአንተ ብዬ ነው የሠራሁት ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ልዋሽህ አልችልም። ለጨዋታ ነው የሠራሁት፣ እችላለሁ ለማለት። የማን እንደሆነ ዛሬ ነው ያወቅኩት።

ሳምንት የእረፍት ጊዜያችን ነው። ቅዳሜ ታኅሣሥ 28 እመጣለሁ።

ደቂቃህ

*

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 23፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ልክ

ለልጄ ለደቂቃ፣ ከአምስቱ ለመጀመሪያዋ፣

የእሑዱን ደብዳቤ አላቃጠልኩትም። እኔ የደረሰኝን ደብዳቤ አላቃጥልም፤ ደግሞም የተጻፈው ሁሉ ልክ ነው። እዚያው ተቀምጬ ነበር። አክስትሽ ስልኩን ይዛ ስታየኝ አንገቴን ነቀነቅኩ። ያን ጊዜ የተሰማኝን ለማንም አልመኝም።

አነሥቼው ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? «ባትሪውን መቼ አወጣህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» እለው ነበር። አንድ ሁለቴ በደንበኛ ደርሶብኛል። ያቺን አምስት ደቂቃ የነፈግኩሽ እንዲህ መልሼ ባንቺ ላይ እንዳልፈርድ ፈርቼ ነው። ይህን ግን ልጽፍልሽ ይገባኝ ነበር። አልጻፍኩም፤ ኩራት ነው። በአንቺ የኮራሁትን ኃጢአት ነው ብዬሽ ነበር፤ ተሳስቻለሁ፣ ኃጢአቱ ይሄኛው ነው። ይቅር በይኝ።

ጆሮዬ መድከም ከጀመረ አራት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ትንንሾቹ የሴት ሰዓቶች ጠፉብኝ፤ ቆመዋል እያልኩ እከፍታቸዋለሁ፣ ይሠራሉ። ከዚያ የኪሶቹ ጠፉ። በጥርሴ መያዝ ጀመርኩ፤ በአጥንት ይሰማል። ሠላሳ ዓመት በጆሮው እንጀራ የበላ ሰው «አልሰማም» ብሎ ከየት ይጀምራል? አንቺ ያን ፕሮግራም ሠርተሽ ስታሳዪኝ ጨርቅ ያለበስኩት ንቄው አይደለም። ማሽኑ የሚሰማውን እኔ እንደማልሰማ አየሁ፤ አንቺም እንዳታዪ ብዬ ነው።

ፀጉር አስተካካዩ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮምፒውተርሽን አይቶት አያውቅም።

ትናንት አክስትሽን አስወጥቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። የድሮ ደንበኛዬ የአስተማሪቷ ሰዓት ነበረች፤ የጥፍር ያህል ናት። ከድሮውም አስቸጋሪ ነበረች፣ አሁንማ ለእኔ ድንጋይ ናት። ስፖንጁ ላይ አስቀመጥኳት። መስመሩ ወደ ላይ ወጣ። ከፈትኳት፣ ማስተካከያዋን በፀጉር ያህል ገፋሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩ። አሁንም ትንሽ ወጣ። እንደገና ገፋሁ። አራተኛው ላይ መስመሩ ተኛ። ቀጥ ብሎ ተኛ ደቂቃ። አስተማሪቷ ስትወስዳት «እንደ ድሮው ጆሮህ አይሳሳትም» አለችኝ። «የልጄ ጆሮ ነው» አልኳት። ይህን ጮክ ብዬ ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለዳቦ ጋጋሪውም ነገርኩት፣ ለፀጉር አስተካካዩም። ሰውዬው ለካ ገብቶታል፤ «ስንት ዓመት በመስታወት ውስጥ ከንፈሬን እያየህ ስትመልስልኝ የነበረው ለምን መሰለህ?» አለኝ።

ለማሽንሽ አዲስ ባትሪ አስገብቻለሁ። ቀኑን ራሴ ሞላሁት፤ ሶኬት ነቅዬ ሰክቼ አየሁት፣ አልረሳም። ጥቁሩ ሰሌዳም ከእንግዲህ ቆሞ አይጠብቅም። አሁን በቤቱ መቶ አንድ ሰዓት አለ፣ ሁሉም ልክ ነው።

የዝርዝሩን ግልባጭ ይዘሽ ነይ። ቦታ አዘጋጅቻለሁ፤ ትልቁን የግድግዳ ሰዓት ትንሽ ወደ ግራ ገፍቼዋለሁ። መዝገቤንም አትርሺ፤ ደንበኞች በወረቀት ቁራጭ እየተመዘገቡ ነው።

ቅዳሜ አውቶቡሱ በአሥር ሰዓት ይገባል። በሩን አታንኳኪ፣ አትጥሪኝ። መስታወቱ ጋ መጥተሽ ቁሚ፤ እኔ ፊቴን ወደ በሩ አድርጌ ነው የምሠራው።

አባትሽ